ፎቶግራፉ የማይነግረን ግማሽ

ባለፈው የትምህርት ዘመን ማብቂያ ላይ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪያችን በአንድ እጁ አሮጌ ፎቶግራፍ፣ በሌላው እጁ ተንቀሳቃሽ ስልኩን ይዞ ወደ ቢሯችን መጣ። በፎቶግራፉ ላይ በሞት የተለዩት አያቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጀበናውን ከሲኒው በላይ አንሥተው ቡና ሲቀዱ ይታያሉ። ከጀበናው አፍ እስከ ሲኒው አንዲት ቀጭን ጥቁር የቡና ክር ተዘርግታለች፤ ከክሯ የተነጠለች አንዲት ጠብታም በአየር ላይ ሰረዝ መስላ ትታያለች። ከረከቦቱ ጎን የዕጣኑ ጢስ ይትጎለጎላል። አያቱ የሚመለከቱት ወደ ሲኒው እንጂ ወደ ካሜራው አይደለም።

ተማሪው ለአያቱ ሙት ዓመት ይህን ፎቶግራፍ ወደ ቪዲዮ ለመለወጥ አስቦ፣ ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገንን አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ተጠቅሟል። ውጤቱን በስልኩ አሳየን። ቪዲዮው 5 ሰከንድ ይረዝማል። ቡናው ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ ሲኒው ግን አይሞላም። ጀበናውን የያዙት ጣቶች አንድ ጊዜ አምስት፣ አንድ ጊዜ ስድስት ይሆናሉ። በመጨረሻም አያቱ ቀና ብለው ወደ ተመልካቹ ፈገግ ይላሉ።

«ዶክተር፣ ሲኒው የማይሞላው ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀን። ጥቂት ዝም ካለ በኋላም፣ «እናቴ ስታየው አለቀሰች። ቀጥላ ግን ‹እማዬ እንዲህ ስቃ አታውቅም› አለችኝ» ሲል ጨመረ።

የሲኒው ጥያቄ የፊዚክስ ነው። የፈገግታው ጥያቄ ደግሞ የቤተሰብና የኅሊና ጉዳይ ይመስላል። ነገሩን ከተማሪው ጋር በጥሞና ስንመረምረው ግን ሁለቱም ጥያቄዎች አንድ መልስ እንዳላቸው ተረዳን። በዚህ ጽሑፍ ያ መልስ ምን እንደ ሆነ፣ እንዲሁም ከአንድ ፎቶግራፍ የተሻለ ቪዲዮ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ከእርሱ ምን ሊማር እንደሚችል ለማሳየት እንሞክራለን።

ቦታ አለ፣ ፍጥነት የለም

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመካኒክስን መግቢያ የተማረ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ አንድ አካል ከአሁን በኋላ የት እንደሚደርስ ለማወቅ አሁን ያለበትን ቦታ ማወቅ ብቻውን አይበቃም። በየትኛው አቅጣጫና በምን ያህል ፍጥነት እየተጓዘ እንደ ሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። ቦታና ፍጥነት ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ፣ የሚሠሩበት ኃይሎችም ሲታወቁ፣ የኒውተን ሕጎች የቀረውን ይነግሩናል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ግን መጪው ጊዜ አንድ መሆኑ ቀርቶ ብዙ ይሆናል።

ፎቶግራፍ የሚይዘው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። በአየር ላይ ያለች ኳስ ፎቶ ብናነሣ፣ ኳሷ ወደ ላይ እየወጣች ነው ወይስ እየወረደች? ፎቶው አይነግረንም። አያቱም ጀበናውን ማዘንበል መጀመራቸው ነው ወይስ ቀድተው ሊጨርሱ ነው? ሲኒው ገና ባዶ ነው ወይስ ሊሞላ ተቃርቧል? እነዚህ ሁሉ ከአንዱ ፎቶ ጋር የሚስማሙ የተለያዩ ታሪኮች ናቸው።

እርግጥ ነው፣ ፎቶግራፍ ስለ እንቅስቃሴ ምንም ፍንጭ አይሰጥም ማለት አይደለም። ካሜራ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ አጭር ይሁን እንጂ ዜሮ አይደለም። ከጀበናው አፍ ተነሥታ 20 ሴንቲ ሜትር የወደቀች የቡና ጠብታ በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይኖራታል። ካሜራው ለ1/60 ሰከንድ ክፍት ሆኖ ከቆየ፣ ጠብታዋ በዚያ ጊዜ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ትጓዛለች። ስለዚህ በፎቶው ላይ ነጥብ መሆኗ ቀርቶ ሰረዝ ሆና ትቀረጻለች። ሰረዙ የጉዞዋን መሥመርና ግምታዊ ፍጥነቷን ይነግረናል። ወደ ታች ይሁን ወደ ላይ መጓዟን ግን አይነግረንም። «ወደ ታች ነው» የምንለው የስበትን ኃይል አስቀድመን ስለምናውቅ ነው። ይህን ዕውቀት ያመጣነው እኛ ነን እንጂ ፎቶው አልያዘውም።

ሠዓሊዎቹና ፈረሱ

የጎደለውን ግማሽ በግምት መሙላት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። የአውሮፓ ሠዓሊዎች የሚጋልብ ፈረስ ሲሥሉ ለረጅም ዘመን የፊት እግሮቹን ወደ ፊት፣ የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ያደርጉት ነበር። ፈረንሳዊው ቴዎዶር ዤሪኮ እ.ኤ.አ. በ1821 የሣለውና በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም የሚገኘው የኤፕሰም የፈረስ እሽቅድምድም ሥዕል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ፈረሶቹም በእርግጥ የሚሮጡ ይመስላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በተባለ ስፍራ በመሮጫው ጎን ካሜራዎችን በተርታ ደርድሮ የሚጋልብን ፈረስ በተከታታይ አነሣ። ፎቶዎቹ እንዳሳዩት አራቱም እግሮች ከመሬት የሚነሡበት ቅጽበት በእርግጥ አለ። በዚያ ቅጽበት ግን እግሮቹ የተዘረጉ ሳይሆኑ ከሆዱ ሥር የተሰበሰቡ ናቸው። ሠዓሊዎቹ ሰነፎች ወይም ቀጣፊዎች አልነበሩም። ዓይናቸው ሊይዘው ያልቻለውን ክፍል ለማየት በሚያምርና በተለመደ ነገር ሞሉት እንጂ። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች የሚሠሩትም ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከወተት ጠብታ እስከ ቪዲዮ

ፕሮግራሞቹ ግምታቸውን የሚያገኙበት መንገድ ለፊዚክስ ተማሪ ባዕድ አይደለም። አንዲት የወተት ጠብታ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብናንጠባጥብ ቀስ በቀስ ትበተናለች፤ ተመልሳ ስትሰበሰብ ግን ዓይተን አናውቅም። ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሮበርት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1827 ከአበባ ብናኝ የወጡ ጥቃቅን ቅንጣቶች በውሃ ውስጥ ያለ ዕረፍት ሲራወጡ በማይክሮስኮፕ ተመልክቷል። አልበርት አይንስታይን በ1905 ይህ መራወጥ በዓይን ከማይታዩ የውሃ ሞለኪውሎች ግጭት የሚመጣ መሆኑን በሒሳብ አስረዳ። እኛም ለዶክትሬት ትምህርታችን በውጭ አገር ሳለን እነዚህን ቀመሮች በወረቀት ላይ ስንፈታ፣ አንድ ቀን በተማሪ ስልክ ላይ ጀበና ሲያንቀሳቅሱ እናያቸዋለን ብለን አላሰብንም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015 ያሻ ሶል-ዲክስታይንና ባልደረቦቹ ከቴርሞዳይናሚክስ የተዋሱትን አንድ ሐሳብ አቀረቡ። በ2020 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበሩት ጆናታን ሆ፣ አጄይ ጄይንና ፒተር አቢል ሐሳቡ ጥራት ያላቸው ምስሎችን ሊያስገኝ እንደሚችል አሳዩ። ዘዴው ዲፊዩዥን ይባላል። በአንድ እውነተኛ ፎቶ ላይ በየደረጃው የዘፈቀደ ነጠብጣብ ይጨመርበታል። በመጨረሻ ምስሉ ጠፍቶ ጣቢያ ያልያዘ ቴሌቪዥን የሚያሳየው ዓይነት ብትንትን ብቻ ይቀራል። ኮምፒዩተሩ በእጅግ ብዙ ፎቶዎች ላይ ይህን እየተለማመደ፣ በየደረጃው የተጨመረው ነጠብጣብ የትኛው እንደ ሆነ መለየትን ይማራል። ይህን ከተማረ በኋላ ከባዶ ብትንትን ተነሥቶ ነጠብጣቡን ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ ወደ አዲስ ምስል ይደርሳል። የተበተነውን ወተት ወደ ጠብታ የመመለስ ያህል ነው።

ለቪዲዮ ሲሆን አንድ ምስል ሳይሆን ተከታታይ ፍሬሞች በአንድነት ከብትንትኑ ይወጣሉ። እኛ የሰጠነው ፎቶ እንደ መነሻ ፍሬም ሆኖ ሌሎቹን ይመራቸዋል። ስታብል ቪዲዮ ዲፊዩዥን የተባለው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 የወጣ ሞዴል በሁለት ዓይነት ቀርቦ፣ አንዱ 14፣ ሌላው 25 ፍሬሞችን እንዲያመነጭ የተዘጋጀ ነበር። ሲኒማ በሰከንድ 24 ፍሬሞችን ስለሚጠቀም፣ 25 ፍሬም ማለት አንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ የቪዲዮዎቹ ርዝመትና ጥራት በፍጥነት አድጓል፤ መሠረታዊው ጉዳይ ግን አልተለወጠም። ፕሮግራሙ ፍጥነትን ከፎቶው አላነበበም። «ይህን የመሰሉ ምስሎች ብዙውን ጊዜ ምን ይከተላቸዋል?» ለሚለው ጥያቄ ካያቸው ቪዲዮዎች በመነሣት አንድ መልስ ይመርጣል እንጂ። በዚህም ምክንያት አንዱን ፎቶ ሁለት ጊዜ ብንሰጠው ሁለት የተለያዩ ቪዲዮዎችን ሊያወጣ ይችላል።

ሲኒው ለምን አልሞላም?

አሁን ወደ ተማሪያችን ጥያቄ እንመለስ። ሲኒው 80 ሚሊ ሊትር ይይዛል እንበል። ቡናው በሰከንድ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ቢወርድ፣ ባዶው ሲኒ በ4 ሰከንድ ውስጥ ይሞላል። እንግዲህ በ5 ሰከንድ ቪዲዮ ውስጥ ወይ መቅዳቱ ሊቆም፣ ወይ ቡናው ሊፈስ ይገባ ነበር። ከሁለቱ አንዱም አለመሆኑ ፕሮግራሙ ከጀበናው የወጣው ሁሉ ወደ ሲኒው መግባት እንዳለበት የሚያዝ ሕግ በውስጡ እንዳልተጻፈለት ያሳያል። የሚያውቀው «ከጀበና ሥር የቡና ክር ይታያል፤ ከክሩ ሥር ሲኒ ይታያል» የሚለውን ልማድ ነው። መጠንን የሚቆጥር ሒሳብ ግን አልያዘም።

ይህ ጉድለት በአንድ ፕሮግራም ብቻ የታየ አይደለም። ኦፕን ኤ.አይ. የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሶራ የተባለ ሞዴሉን ሲያስተዋውቅ፣ አንድ ሰው ብስኩት ሲገምጥ ከታየ በኋላ ብስኩቱ ላይ የጥርስ ምልክት ላይኖር እንደሚችል ራሱ ገልጾ ነበር። የማይሞላ ሲኒና የማይጎድል ብስኩት የአንድ በሽታ ሁለት ምልክቶች ናቸው።

የስድስተኛው ጣት ምክንያት ደግሞ በከፊል ሌላ ነው። ስሌቱን ለማቅለል ሲባል ብዙዎቹ ሞዴሎች የሚሠሩት በሙሉው ምስል ላይ ሳይሆን በተጨመቀ ቅጂው ላይ ነው። ከላይ የጠቀስነው ሞዴል 1024 በ576 ፒክስል የሆነን ምስል በየአቅጣጫው 8 እጥፍ ጨምቆ 128 በ72 ሕዋሳት ያደርገዋል። በፎቶው ላይ የአንድ ጣት ስፋት 8 ፒክስል ብቻ ከሆነ፣ ጣቱ በዚያ ቅጂ ውስጥ የአንድ ሕዋስ ስፋት ብቻ ይደርሰዋል። በአንድ ሕዋስ ስፋት የተወከለ ጣት በሚቀጥለው ፍሬም ሁለት ሆኖ ቢመለስ የሚያስገርም አይሆንም።

የጎደለውን ግማሽ መስጠት

እንግዲህ የተሻለ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ሥራው በሁለት ይከፈላል። ፎቶው የሚነግረውን ግማሽ ማጥራትና የማይነግረውን ግማሽ ራሱ ማቅረብ።

በመጀመሪያ ፎቶው ይዘጋጅ። አሮጌ ፎቶ በስልክ ከማንሣት ይልቅ በስካነር ቢነበብ ይመረጣል። 9 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በኢንች 600 ነጥብ ቢነበብ ከ2,100 በ2,800 ፒክስል በላይ ይሰጣል። ጭረትና የአቧራ ነጠብጣብ አስቀድሞ ይጽዳ፤ አለዚያ ፕሮግራሙ ጭረቱን እንደ ፀጉር ወይም እንደ ክር ቆጥሮ ያወዛውዘዋል። የሚንቀሳቀሰው ነገር በፎቶው ላይ ትንሽ ከሆነ በዙሪያው ያለው ተቆርጦ እርሱ ጎላ ብሎ እንዲታይ ይደረግ። ብዙ ሕዋሳት የሚደርሱት ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፣ እንቅስቃሴው በጽሑፍ ይገለጽ። «ፎቶውን ሕያው አድርገው» የሚለው ትእዛዝ ጎደሎውን ሁሉ ለግምት ይተወዋል። ምን ይንቀሳቀሳል? ወደየት? በዝግታ ወይስ በፍጥነት? ምንስ ጸንቶ ይቆያል? እነዚህን መመለስ ያስፈልጋል። «ካሜራው አይንቀሳቀስም፤ የዕጣኑ ጢስ ቀጥ ብሎ በዝግታ ይወጣል፤ ሴትዮዋ እንዳሉ ይቆያሉ» ማለት ቦታ ላላቸው ነገሮች ሁሉ ፍጥነት መስጠት ነው። ዜሮም ፍጥነት ነውና ማስታወስ ይገባል። በምስሉ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ብቻ በብሩሽ ለመከለል የሚያስችሉ ፕሮግራሞችም ስላሉ በእነርሱ መጠቀም ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ የሚቻል ከሆነ የመጨረሻው ፍሬምም ይሰጥ። አንዳንድ ፕሮግራሞች መነሻና መድረሻ ምስል በአንድነት ይቀበላሉ። በመነሻው ሲኒው ባዶ፣ በመድረሻው ሙሉ ሆኖ ከተሰጠ ፕሮግራሙ በመካከል ሲኒውን እንዲሞላ ይገደዳል። የሒሳብ ተማሪዎች ይህን የወሰን ሁኔታ ከመስጠት ጋር ሊያመሳስሉት ይችላሉ። መነሻ ብቻ ሲሰጥ ስሕተቱ በየፍሬሙ እያደገ ይሄዳል፤ ሁለቱ ጫፎች ሲታሰሩ ግን ብዙ መንከራተት አይችልም። ረጅም ቪዲዮ ለማግኘት የመጨረሻውን ፍሬም እያነሡ ለሚቀጥለው ቪዲዮ መነሻ ማድረግም አደጋው ከዚሁ የሚመጣ ነው። ከጥቂት ቅጥያ በኋላ ፊቱ የሌላ ሰው ይሆናል።

አራተኛ፣ ውጤቱ በፊዚክስ ይፈተን። ቪዲዮውን በፍሬም በፍሬም ከፍቶ መቁጠር ነው። ከ20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የሚወርድ ቡና ሲኒው ለመድረስ 0.2 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። በሰከንድ 24 ፍሬም ላለው ቪዲዮ ይህ 5 ፍሬም ገደማ ነው። የቡናው ጫፍ ለመድረስ 20 ፍሬም ከፈጀበት፣ ቪዲዮው ሆን ተብሎ የዘገየ ካልሆነ በስተቀር፣ ቡናው የሚወድቀው በሌላ ፕላኔት ላይ ነው ማለት ነው። ጋሊሊዮ እንዳስተማረውም፣ ከዕረፍት ተነሥቶ የሚወድቅ አካል በተከታታይ እኩል ጊዜያት የሚጓዛቸው ርቀቶች እንደ 1፣ 3፣ 5፣ 7 ያድጋሉ። በቪዲዮው ውስጥ በየፍሬሙ እኩል ርቀት የሚወርድ ጠብታ ካያችሁ፣ ለዓይን ቢያምርም እንኳ የስበት ኃይል እንደጎደለው ትረዳላችሁ።

ጢስ ቢሳሳት አይዋሽም

የቀረው የፈገግታው ጥያቄ ነው። ፕሮግራሙ ሲኒውን ያልሞላው የቡናውን መጠን ስለማያውቅ እንደ ሆነ ሁሉ፣ አያቱን ፈገግ ያደረጋቸውም አያቱን ስለማያውቅ ነው። ካያቸው ቪዲዮዎች ውስጥ ብዙ ሰዎች ወደ ካሜራ ዞረው ፈገግ ብለው ከሆነ፣ የእነርሱን ልማድ ለእኚህ ሴት ሰጥቷቸዋል። ይህ በሌላ ዓይነት ዘዴም ታይቷል። ማይሄሪቴጅ የተባለው የቤተሰብ ታሪክ ድርጅት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ዲፕ ኖስታልጂያ የሚል አገልግሎት ሲጀምር፣ የድሮ ፎቶዎችን ያንቀሳቅስ የነበረው ቀድመው የተዘጋጁ የራስና የዓይን እንቅስቃሴዎችን በፊቶቹ ላይ በማሳረፍ ነበር። ድርጅቱ ንግግር ያልጨመረው ለማጭበርበር እንዳይውል በማሰብ እንደ ነበርም ገልጿል።

ያልሞላ ሲኒ በቁጥር ይያዛል። የተሳሳተ ፈገግታ ግን የሚያዘው አያቱን በሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰውም ለዘላለም አይኖርም። የተማሪያችን እናት ዛሬ «እንዲህ ስቃ አታውቅም» ሊሉ ይችላሉ። ከ40 ዓመት በኋላ ቪዲዮውን ለሚያይ የልጅ ልጅ ግን ያ ፈገግታ የአያቱ እናት ፈገግታ ሆኖ ይቀራል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላልና፣ ዓይኑ ያየው ግምት ከሆነ ልቡ የፈረደው ፍርድ ከምን ላይ ይቆማል? በአገራችን ታሪክ ውስጥ በፎቶ ብቻ የምናውቃቸው ብዙ ሰዎች ስላሉ፣ ነገሩ በአንድ ቤተሰብ ብቻ የሚወሰን አይመስለንም።

ከተማሪው ጋር ከተወያየን በኋላ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመርነው። ፎቶውን በስካነር አነበብን፤ ጭረቱን አጸዳን። ከዚያም ምን መንቀሳቀስ እንዳለበት በወረቀት ላይ ዘረዘርን። ፊታቸው? እንዴት ይንቀሳቀስ እንደነበር ፎቶው አይነግረንም፤ እኛም አናውቅም። እጃቸው? ሲቀዱ እንዴት እንደሚያዘነብሉት የሚያውቁት እናቱ ብቻ ናቸው። የዕጣኑ ጢስ ግን ሌላ ነው። ጢስ በትንሹ ነፋስ አቅጣጫውን የሚለውጥ፣ ሁለት ጊዜ በአንድ መንገድ የማይሄድ ነገር ነው። በዚያ ቀን በትክክል እንዴት እንደ ወጣ ያስተዋለ የለም፤ ማንም ቢሆን በጢሱ አካሄድ ስለ አያቱ የተሳሳተ ነገር አይማርም። ጢስ ቢሳሳት አይዋሽም። ስለዚህ ጢሱን ብቻ ከልለን ሌላውን ሁሉ ጸንቶ እንዲቆይ አዘዝን። የቡናዋ ክርም ጠብታዋም በፎቶው እንደ ነበሩ ቀሩ። ከቪዲዮው ግርጌም «ከፎቶግራፍ በኮምፒዩተር የተሠራ፤ የተንቀሳቀሰው ጢሱ ብቻ ነው» የሚል ጽሑፍ አኖርን።

ሦስት ጊዜ ሞከርን። በመጀመሪያው ጢሱ ወደ ታች ወረደ፤ በሁለተኛው የነጠላቸው ጥለት አብሮ ተወዛወዘ። ሦስተኛው ተሳካ። ያ ቪዲዮ ከመጀመሪያው ይልቅ ጥቂት ነገር ይታይበታል። አያቱ አይስቁም፤ ዓይናቸውም ከሲኒው አይነሣም።

ተማሪው ከሙት ዓመቱ በኋላ ተመልሶ መጣ። እናቱ ምን እንዳሉ ጠየቅነው። «ደጋግማ አየችው። ከዚያ ‹ዕጣኑ ሸተተኝ› አለች» አለን።